ከእንቁጣጣሽ ማግስት

ወዳጆቻችን፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ! ጭቃው ገና ሳይደርቅ አደይ ከየአጥሩ ሥር ብቅ ብሏል፤ የሰፈሩ ልጃገረዶችም ከበሮ ፍለጋ ከቤት ቤት መመላለስ ከጀመሩ ሰንብተዋል። በአገር ቤትም በስደትም ያላችሁ፣ ዓመቱ የጤና ይሁንላችሁ።

በዚህ ሰሞን የሰፈር በጎ አድራጎት ክበብ ሁሉ ሥራ ይበዛበታል። ማዕድ ይጋራል፣ የአቅመ ደካማ ቤት ይታደሳል፣ ደም ይለገሳል፣ በክረምቱ የተተከለው ችግኝ ይቆጠራል። ዘንድሮ ከመልካም ምኞታችን ጋር ስለ ሥራው ራሱ በዝርዝር ልናወራችሁ ፈለግን። የበዓል ሰሞን በጎ ሥራ በልብ ማነስ ሲበላሽ ያየነው ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያበላሸው የቀረ 2 ኪሎ ሽንኩርት፣ ያለ ቦታው የተመታ ሚስማር፣ ከችግኝ ጋር ሳይቀደድ የተቀበረ ላስቲክ ነው። ይህ ደግሞ የሚታወቀው በበዓሉ ቀን ሳይሆን ሲነጋ ነው።

ማዕድ ማጋራቱን እንያዝ። የተለመደው ስጦታ 5 ሊትር ዘይት፣ 5 ወይም 10 ኪሎ ዱቄት፣ አንድ ዶሮና ጥቂት እንቁላል ነው። ፎቶ ላይ ሙሉ ይመስላል። ቤት ሲገባ ግን ዶሮዋ ብቻዋን ወጥ አትሆንም። ለአንድ ዶሮ ቢያንስ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ይከተፋል፤ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ መከለሻ ይፈልጋል፤ ቁሌቱ ደግሞ ሰዓታት ስለሚወስድ ከሰሉን ይጨርሳል። ይህን ሁሉ መግዛት የማይችል ቤት ዶሮዋን ለጎረቤት ሸጦ ሽሮና ከሰል ቢገዛ አይፈረድበትም። ስለዚህ ገንዘቡ ውስን ከሆነ ለ40 ቤት ግማሽ ከመስጠት ለ25 ቤት ሙሉውን ማድረስ ይሻላል ብለን እናምናለን። ውሳኔው ያማል፤ የሚቀሩት 15 ቤቶች ስምና በር ያላቸው ናቸውና። ለእነሱ ቀን ቆርጦ መስከረም 17 ለመስቀል ማድረስ ይቻላል፤ ስማቸው ግን ዛሬውኑ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት።

ሌላው፣ ዶሮዋን ማን ያርዳታል? በልማዳችን ሴት ቢላዋ አታነሳም፤ ብቻቸውን ለሚኖሩ እማማ በሕይወት ያለች ዶሮ አቀብሎ መሄድ ሥራ ሰጥቶ መሄድ ነው። ሁለት ወጣት የተሳለ ቢላዋ ይዘው በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ቤት ለቤት ቢዞሩ ነገሩ ያልቃል። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ግቢ በሚኖርበት ሰፈር ደግሞ አንድ በሬ አርዶ ለሁሉም ማከፋፈል ከባድ ስህተት ነው፤ ግማሹ ሰው ሥጋውን ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ ሳይበላው ይቀራል። ወይ ለየቤቱ ዶሮ መስጠት፣ ወይ እርዱን ለይቶ ቢላዋውንም፣ ሣፋውንም፣ ተሸካሚውንም መለየት ነው።

ቀኑንም ማየት ያስፈልጋል። መስከረም 1 ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ለኦርቶዶክስ ምእመናን ጾም ነው። ገናና ጥምቀት ረቡዕና ዓርብ ቢውሉም ይበላባቸዋል፤ እንቁጣጣሽ ግን እንዲያ አይደለም። በእንዲህ ያለ ዓመት ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት በጠዋት የቅርጫ ሥጋ ማደል ማስበስበስ ነው። ለዕለቱ ምስር፣ ሽሮና ዘይት ቀድሞ ይድረስ፤ ዶሮዋ አንድ ሌሊት ትቆይ።

ግዢው በአንድ ቀን አይሆንም። ዘይት፣ ዱቄትና ስኳር የበዓሉ ዋጋ ሳይመጣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ይገዛሉ። ሽንኩርት በክረምት እርጥበት ቶሎ ስለሚበሰብስ ከበዓሉ 3 ወይም 4 ቀን ቀደም ብሎ ይገዛል፤ ከጆንያው አፍ ያለው ደረቅ ቢሆንም መሃሉና ታቹ ሳይታይ አይከፈልም፤ አንገቱ ሲጫኑት የሚላላው አይቆይም። እንቁላል ውሃ ውስጥ ይፈተሻል፤ ትኩሱ ሰምጦ ይተኛል፣ የሰነበተው ሰምጦ ይቆማል፣ የሚንሳፈፈው ይጣላል። ዶሮ መጨረሻ ላይ ነው። ቀድሞ የተገዛ ዶሮ ይበላል፣ ይከሳል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ነው። ክንፏን ጥላ ዓይኗን ከድና የምታንቀላፋ አንዲት ዶሮ መሃላቸው ከገባች በሁለት በሦስት ቀን መጋዘኑ ይራቆታል።

የሚሰጠው ሰው ስምስ ከየት ይመጣል? የወረዳው ዝርዝር መነሻ ይሆናል፤ ነገር ግን የሞተ፣ ቤት የለቀቀ፣ ልጁ ሥራ የያዘለት ሰው ስም ሳይሰረዝ ይቆያል። የእድሩ ጸሐፊ ከዚያ የተሻለ ያውቃል። መዋጮ ማን እንዳቋረጠ፣ ማን በልቅሶ ቤት ብቻ እንደሚበላ የሚያየው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ በር ማንኳኳት ይገባል። ስንት ሰው ይበላል? ስኳር ወይም ደም ብዛት ያለበት አለ? ምድጃው የከሰል ነው የኤሌክትሪክ? ማን ያበስላል? የስኳር ሕመም ላለባቸው አባት 2 ኪሎ ስኳር መስጠት ከዚህ ጥያቄ ጉድለት የሚመጣ ነው።

ስለ ሰልፍና ካሜራ ግልጽ አቋም አለን። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን እናት ፀሐይ ላይ አቁሞ፣ ስማቸውን በድምፅ ማጉያ ጠርቶ፣ 15 ኪሎ ሸክም አስይዞ ፎቶ ማንሳት መቅረት አለበት። ዕቃው ማታ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ በር ድረስ ይሂድ። ለጋሽ ማስረጃ ከጠየቀ የግዢ ደረሰኝና የተደረደረው ዕቃ ፎቶ ይበቃል። በተለይ ድሮ ሰው ያበሉ፣ ዛሬ የቸገራቸው ሰዎች በሰልፍ ከሚቀበሉ ጾማቸውን ማደር ይመርጣሉ።

ወደ ቤት እድሳቱ እንለፍ፤ ገንዘብና ጉልበት በብዛት የሚባክነው እዚህ ነው። በአዲስ አበባ የሚታደሰው አብዛኛው የቀበሌ ቤት ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ወደ ቀበሌ የዞረ፣ ያኔም አዲስ ያልነበረ የጭቃ ቤት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ከወረዳው የቤቶች ጽሕፈት ቤት የእድሳት ፈቃድ በወረቀት ይያዝ። በቃል «ቀጥሉ» ተብሎ የተጀመረ ሥራ ጣራው ተነቅሎ ሳለ ሊታገድ ይችላል።

ሐምሌ ላይ ሁሉንም ልጨርስ የሚል ዘመቻ ግድግዳው ላይ ይሸነፋል። ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ቢቻል ሁለት፣ እየተረገጠ መቡካት አለበት። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ስንጥቁ ከተደፈነ በኋላ ነው ልስኑ የሚከተለው። በክረምት ላዩ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ እርጥብ ነው። በሦስት ቀን የተለሰነና ቀለም የተቀባ ግድግዳ ለምረቃው ያምራል፤ ጥቅምት ላይ ቅርፊቱን ይጥላል። የእኛ ምክር በክረምት ጣራ፣ ከመስቀል በኋላ ግድግዳ የሚል ነው። ለምረቃ የሚመች አይደለም፤ ለቤቱ ግን ይመቻል።

ጣራው ላይ የሚያታልለው የቆርቆሮው ጌጅ፣ ማለትም የውፍረቱ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 32 ከ28 የቀጠነ ነው፤ «ትልቁን ቁጥር ስጠኝ» ያለ ሰው ስሱን ይዞ ይመለሳል። ሲሰላም የቆርቆሮው ሙሉ ስፋት አይታሰብም፤ ከ10 ቆርቆሮ የሁለቱ ያህል ለመደራረቢያ ይሄዳል። ማልበስ የሚጀመረው ከታች ነው፤ የላይኛው በታችኛው ላይ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ይደርባል። የጎኑ መደራረቢያ ደግሞ አፉ ነፋሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት። ጎማ ያለው የጣራ ሚስማር ሁልጊዜ በጉብታው ላይ ይመታል እንጂ ውሃው በሚወርድበት ቦይ ውስጥ አይመታም። ጀማሪ በጎ ፈቃደኛ ግን ቦዩን ይመርጣል፤ እንጨቱ ቅርብ ስለሆነ ሚስማሩ ቶሎ ይይዝለታል። ያቺ አንዲት ቀዳዳ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ አልጋ ላይ ታንጠባጥባለች። በኃይል መምታትም እንዲሁ ነው፤ ጎማው ተጨፍልቆ ጉብታው ከጎደጎደ ውሃ ይቋጥራል። የጣራው ጠርዝ ከግድግዳው 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ካልወጣ ደግሞ ጠፈጠፉ የግድግዳውን እግር ይበላዋል። የባህር ዛፍ ቋሚ ሲቀየር ቅርፊቱ ተልጦ፣ መሬት የሚገባው ጫፉ ላዩ እስኪጠቁር በእሳት ተለብልቦ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተቀብቶ ይተከላል፤ አለዚያ ምስጥ ይጠብቀዋል።

በሐምሌ ጠዋት 2 ሰዓት ሰማዩ ጥርት ሊል ይችላል፤ 8 ሰዓት ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ጣራ በሙሉ አይገለጥም፤ ግማሹ ተነቅሎ፣ ለብሶ፣ ከዚያ ሌላው ግማሽ ይቀጥላል፤ ትልቅ ሸራም አጠገብ ይቀመጣል። የቤቱ ባለቤት ዕቃ ሲወጣ የሚቆጥርና የሚጠብቅ አንድ ሰው ይመደብ። በአሮጌው ሣጥን ውስጥ የቤቱ ደብተር፣ የልጅ ፎቶ፣ ለመቀበሪያ የተቀመጠ ነጠላ ሊኖር ይችላል። እሱ ከረጠበ አዲሱ ጣራ አያጽናናቸውም።

ደም ልገሳው አጭር ነገር ይበቃዋል፤ ቀን ማከፋፈል። የደም ባንክ ሥራ በ2004 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከዞረ ወዲህ ዘመድ ለታማሚው ከሚተካው ደም ይልቅ በፈቃደኛ ለጋሽ ላይ ያረፈ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተማሪው ለጋሽ ይበተናል፤ በወሊድ የሚደማ ሰው ግን ወቅት አይጠብቅም። ቀይ የደም ሴል በቀዝቃዛ ቦታ እንደ ከረጢቱ ዓይነት 35 ወይም 42 ቀን ይቆያል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ከ5 ቀን አያልፍም። 60 አባላት ያሉት ክበብ ሁሉም በአንድ ቀን ከሰጠ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ባዶ ናቸው፤ አንድ ሰው መልሶ የሚሰጠው ከ3 ወር በኋላ ነውና። በየወሩ ሃያ ሃያ ሆነው ቢከፈሉ ዓመቱን ሙሉ ይደርሳሉ። ዕድሜ ከ18 እስከ 65፣ ክብደት ከ45 ኪሎ ያላነሰ፣ ቁርስ የበላ፣ ውሃ የጠጣ። ወባ ካለበት አካባቢ በቅርቡ የተመለሰ ለነርሷ ይንገር።

በውጭ ላላችሁ ወዳጆቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለን። ለበዓል ስትመጡ ሻንጣ ውስጥ መድኃኒት ባትሞሉ እንመርጣለን። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለእርዳታ የሚላክ መድኃኒት አገር ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ እንዲቀረው ይጠይቃል፤ ተቀባዩም የጠየቀው መሆን አለበት። ተከፍቶ የተረፈ ክኒን ለማንም አይሆንም፤ ማስወገዱም ወጪ ነው። በእሱ ፈንታ የአንድ ቤት ቆርቆሮና ሚስማር ዋጋ ብትልኩ ሥራው ይቃለላል።

በመጨረሻ ችግኙ። በክረምት የተተከለው ሁሉ አሁን አረንጓዴ ነው፤ ማን እንደሚተርፍ የሚለየው ከጥቅምት እስከ በልግ ዝናብ ባለው ጊዜ ነው። አሁን እየዞራችሁ እዩ። ጥቁሩ ላስቲክ ሳይቀደድ የተቀበረ ካለ ሥሩ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ይታፈናል፤ መሬቱ እርጥብ ሳለ ቀስ ብሎ አውጥቶ፣ ላስቲኩን በምላጭ ቀዶ፣ የተጠቀለለውን ሥር ቆርጦ መመለስ አሁንም ይቻላል። ጥቅምት ከገባ በኋላ የተነካ ይሞታል። ግንዱ ድረስ አፈር የተከመረበትም ይገለጥለት፤ አንገቱ ከመሬቱ እኩል መሆን አለበት። ፍየል በሚያልፍበት ቦታ እሾህ ይታጠርበት። ዝናቡ ሲያቆም ለአንድ ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ 5 ሊትር ያህል ውሃ በዝግታ ይፈስለት፤ ተራውም በስም ተጽፎ በእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ለበዓሉ የጎዘጎዛችሁትን ቄጠማ ደግሞ በማግስቱ ጠርጋችሁ ወደ ገንዳ አትጣሉት። በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስባችሁ አምጡት፤ በየችግኙ ዙሪያ፣ ከግንዱ አራት ጣት ያህል አርቀን እንጎዘጉዘዋለን፤ እርጥበቱን ይይዛል።