«የቤት ኪራይ» የሚለው መስመር

ወደ አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። በየወሩ መጨረሻ የተማሪ ቁጥር ሞልተን ለወረዳ የምንልከው ቅጽ ነበረ። ሜሪላንድ ገብቼ፣ አንድ ማታ ልጆቼ ከተኙ በኋላ፣ ያንኑ የመሰለ የ1868 ቅጽ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ቅጹ የፍሪድመንስ ቢሮ ነው። መሥሪያ ቤቱ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመጋቢት 1865፣ ከባርነት ነጻ የወጡትን ሰዎች ጉዳይ እንዲይዝ ተቋቋመ። የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም መዛግብቱን ኢንተርኔት ላይ አውጥቶ፣ በጎ ፈቃደኞች የእጅ ጽሑፉን በታይፕ እንዲገለብጡ ሲጠይቅ ተመዘገብኩ። የመረጥኩት የገጠር አስተማሪዎችን ወርኃዊ ሪፖርት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። በዚያ ዘመን አጻጻፍ ሁለት «ኤስ» ሲከታተሉ የፊተኛው ረዝሞ «ኤፍ» ይመስላል፤ ስንቷን «ሚስ» «ሚፍስ» ብዬ ጻፍኳት። ሰንጠረዡ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው «ዱ» የሚመስል ቃል ደግሞ «ከላይ እንዳለው» ማለት መሆኑን ያወቅሁት ሌላ በጎ ፈቃደኛ ሥራዬን ሲያርም ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ ያዝኩ፤ አንዲት ፊደል ሳልጽፍ ገጹን ሙሉውን አነባለሁ፣ ቁጥሮቹን አስቀድማለሁ፣ አስተማሪዋ የሳተችውን ፊደል አላቃናም፣ ባዶ የተወችውንም ባዶ እተዋለሁ።

ቅጹ ብዙ ይጠይቃል። የቀን ነው ወይስ የማታ? ከ16 ዓመት በላይ የሆኑ ስንት ናቸው? ከጦርነቱ በፊት ነጻ የነበሩስ? ፊደል የሚቆጥሩ፣ ቀላል ንባብ የሚያነቡ፣ ሒሳብ የጀመሩ ስንት አሉ? የሕንፃው ባለቤት ማነው? የአካባቢው ሰው ስለ ጥቁሮች ትምህርት ቤት ምን ይላል? ለዚህ ለመጨረሻው ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ቃል ነው፤ «ጥላቻ»፣ ወይም «እየተሻሻለ»። ያቺን ቃል የጻፈችው ሴት ምን እንደምትፈራ ለመረዳት በግንቦት 1866 ቴነሲ ውስጥ ሜምፊስ ከተማ ላይ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በሦስት ቀን ውስጥ 46 ጥቁሮች ተገደሉ፣ 12 ትምህርት ቤቶች ተቃጠሉ። ያ ከተማ ነው፤ ገጠር ላለችው ደግሞ ወታደሩም ሩቅ ነበር።

ከሁሉ ግራ ያጋባኝ የኪራይ መስመር ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ባለቤቶቹ ነጻ የወጡት ሰዎች ራሳቸው፤ ቢሮው ግን በየወሩ ኪራይ ይከፍላል። ቁጥሩን ያጠፋሁ መስሎኝ ሦስት ጊዜ አጉልቼ አየሁት። ነገሩ የገባኝ ስለ ቢሮው አሠራር ሳነብ ነው። ሕጉ ለሕንፃ፣ ለጥገናና ለኪራይ እንጂ ለአስተማሪ ደመወዝ ገንዘብ አይፈቅድም። ደመወዝ የሚመጣው ከሰሜኑ የአሜሪካ ግዛቶች የሚስዮን ማኅበራት ወይም ከወላጆች ኪስ ነው፤ ከሰሜን የሚላኩት አስተማሪዎች ደግሞ የሚበዙት በየከተማው ነበር። ስለዚህ በአንዳንድ ቦታ የቢሮው ሹማምንት በኪራይ ስም ገንዘብ እየሰጡ አስተማሪውን ያኖሩት ነበር። ያቺ መስመር የመምህሩ እንጀራ ነበረች።

ያ ከገባኝ በኋላ ገጾቹን የማይበት ዓይን ተለወጠ። መጀመሪያ ስፈልግ የነበረው ከሰሜን ተነሥታ የመጣች አንዲት ጀግና ነበር። እንደዚያ ያሉ አልጠፉም፤ ሎራ ታውን በ1862 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ሴንት ሄለና ደሴት ላይ ከጓደኛዋ ከኤለን መሬይ ጋር ትምህርት ቤት ጀምራ፣ በ1901 እስክትሞት እዚያው ኖራለች። በየጥጥ ማሳው ዳር ግን የማገኛቸው ስማቸው የትም ያልተነሣ ጥቁር አስተማሪዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው ማንበብ ከቻሉ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነበር። ነጭ ጎረቤት ማደሪያ ሲከለክል ቤታቸውን የሚከፍቱት፣ ከሌላቸው ላይ የሚያዋጡት ወላጆቹ ነበሩ።

የተማሪ ቁጥር በመስከረምና በጥቅምት ሲወርድ ዛሬ አስተማሪውን አልወቅስም፤ ጥጥ ለቀማ ነው። እኔ ኅዳር ላይ ልጆቹ ለአጨዳ ሲቀሩ በቀይ እስክሪብቶ «ቀ» እያልኩ እቆጣ ነበር፤ አንድም ቀን ማታ ላስተምራቸው ብዬ አላሰብኩም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እነዚያ ሰዎች ቀን ያጡትን ተማሪ ማታና በሰንበት ትምህርት ቤት ይፈልጉት ነበር።

ይህን ሥራ ልትሞክሩት ካሰባችሁ፣ የአንድ ትምህርት ቤት የጥርን ገጽና የጥቅምትን ገጽ ጎን ለጎን አድርጉ። ቁጥሩ ሲቀንስ ገጹን አትዝጉት። የማታ ትምህርቱን ሪፖርት ፈልጉ፤ ቀኑን ጥጥ ሲለቅሙ የዋሉትን አንዳንዴ እዚያ ተቆጥረው ታገኟቸዋላችሁ።