የኒም ግንዱ ስድስተኛ ወር፦ ስንጥቁን ቀዳዳ አደረግሁት

ባለፈው ስጽፍላችሁ ግንዱ ተሰንጥቆብኝ መሮዎቼን በጨርቅ ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከትቼያቸው ነበር። ዛሬ ግንዱ የተጋደመች ሴት መምሰል ጀምሯል፤ ቢያንስ ለእኔ። የጎረቤታችን ልጅ በበሩ ብቅ ብላ «ግመሉ ለምን ተኛ?» ስትለኝ የሴትዮዋን ጉልበት ሻኛ አስመስዬ እንዳስቀረሁት ገባኝ፤ ያን ቀን ሁለት ጣት ያህል ቀነስኩላት።

መነሻዬን ለማታውቁ፦ እንግሊዛዊው ቀራፂ ሄንሪ ሙር እ.ኤ.አ. በ1939 ከኤልም ግንድ የጠረባት ጋደም ያለች ሴት ናት። ሁለት ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ያለችውም አሜሪካ ውስጥ በዲትሮይት የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። እኔ የማውቃት በፎቶግራፍ ብቻ ነው። ያገኘኋቸው ፎቶግራፎች ደግሞ ጀርባዋን አያሳዩም፤ ስለዚህ ጀርባዋ የድሬዳዋ ፈጠራ ነው። ሱሪያሊዝም፣ ማለትም ሕልም የሚመስል ነገር የሚያሳየው የሥነ ጥበብ ስልት፣ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የቀለጠ ሰዓት ነው። ሙር ግን ሕልሙን የጀመረው ከሰው ገላ ነው፤ ደረቷ ዋሻ ሆኖ ወዲያ ማዶ ያሳያል፣ ጉልበቷ ኮረብታ ነው፣ ዓይን አንዴ ሰው አንዴ ተራራ ያያል። እ.ኤ.አ. ጁን 11 ቀን 1936 ለንደን ላይ በተከፈተው ዓለም አቀፍ የሱሪያሊስቶች ኤግዚቢሽን ሥራዎቻቸውን ካቀረቡት አንዱ እሱ ነበር። ከእንጨቱ ጋር ባይገናኝም ይህችን ሳላነሳ አላልፍም፦ ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ በእኛው በድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ አልፈው ወደ ጅቡቲ የወረዱት ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ለንደን የገቡት ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ስምንት ቀን ሲቀረው ነው።

ወደ ግንዱ ልመለስ። ኒም የመረጥኩት በነፃ ስላገኘሁት ነው። ሳቢያን አካባቢ አንድ ሰው ሥሩ አጥሩን ሲገፋበት አስቆረጠውና እኔ በጋሪ አስጭኜ ወሰድኩት። ስሕተቴ እርጥቡን ግንድ፣ ከነቅርፊቱና ከነልቡ፣ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ማቆሜ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት «ጧ!» አለ። የቆርቆሮ ጣሪያው መስሎኝ ተመልሼ ተኛሁ። ጠዋት ሳየው ከልቡ እስከ ቅርፊቱ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረው።

ሥራ ቦታውን የሚያውሰኝ አናጢ አይቶ አልተደነቀም። «ልጄ፣ ግንድ የሚደርቀው በአፉ ነው፤ አፉን ሳትዘጋ ለድሬ ፀሐይ ሰጠኸው» አለኝ። እውነቱን ነው። ውኃው በተቆረጡት ጫፎች በኩል ከጎኑ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ይወጣል። በዚያ ላይ እንጨት ሲደርቅ ዙሪያውን የሚኮማተረው ወደ ልቡ ከሚኮማተረው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ ልቡ መሐል ላይ ካለ ከመሰንጠቅ በቀር መላ የለውም። ጋሼ ጫፎቹን በቀለጠ ሻማ ቀባልኝና ጥላ ውስጥ አጋደመው። እኔ ደግሞ ፎቶግራፉን እንደገና አውጥቼ ደረቷን ሳይ ነገሩ በራልኝ፦ ልቡን ራሱን ባወጣውስ?

በመሰርሰሪያ ከሁለት በኩል ገባሁበት። መሐል ላይ ይገናኛሉ ብዬ የለካኋቸው ጉድጓዶች በአውራ ጣት ውፍረት ተዛንፈው ውስጡ ላይ ደረጃ ሠሩ። ደረጃውን በጎባጣ መሮ ላለሰልስ ሦስት ቀን ታገልኩ፤ ጣቴን እየሰደድኩ በዳሰሳ ነው የሠራሁት፣ ዓይን አይደርስበትምና። የቀረችው ጠርዝ አሁን የጎድን አጥንት ትመስላለች፤ እንዳልነካት ወስኛለሁ። ውስጡ ከውጭው ይልቅ ቀይ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ያ ቅላት ይበራል፤ እዚያች ላይ ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጣሁ። ስንጥቁ ከዚያ ወዲህ አልሰፋም፤ በሳምንት አንዴ በወረቀት ቁራጭ እለካዋለሁ።

ኒም ለመጥረብ ያስቸግራል። ጅማቱ አንዱ ንብር ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ አንድ ስንዝር በሰላም የሄደ መሮ ድንገት ቦጭቆ ያነሳል። ዳሌዋ ላይ እንዲህ ያለ ጠባሳ አለ። አሁን መሮውን በጅማቱ አቅጣጫ መንዳቱን ትቼ አግድም በቀጭን በቀጭኑ አነሳለሁ፤ የቀረውን ለሞረድ እተዋለሁ። መሮውንም በቀን አንዴ የምስል የነበርኩት አሁን በየግማሽ ሰዓቱ ነው።

የቀረው ጭንቅላቷ ነው። ሙር ጭንቅላት ትንሽ አድርጎ ነው የሚሠራው፤ እኔም የተረፈኝ እንጨት የሎሚ ያህል ስለሆነ ክርክር የለንም። ኒም ላይ የተልባ ዘይት የቀባችሁ ካላችሁ ግን ንገሩኝ፦ ውስጡ ያለው ቅላት ይጠቁራል ወይስ ይቆያል? ቁራጭ ላይ ሞክሬ ሳምንት እየጠበቅሁ ነው፤ እስካሁን አልደረቀም።