በቅጠሉ ሁለት ቆዳዎች መካከል

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር አንድ ማለዳ፣ ቢሾፍቱ በሚገኘው ግቢዬ ውስጥ ከተከልኋቸው ሠላሳ ያህል የቲማቲም ተክሎች መካከል በስድስቱ ላይ ነጣ ያለና ብራና የመሰለ ምልክት አየሁ። ጎረቤቴ እትዬ በአጥር በኩል ተመልክተው «ውርጭ መቶብህ ነው ልጄ፤ ማታ ማታ ጭድ አልብሰው» አሉኝ፤ እኔም ሁለት ሌሊት አለበስሁት። በሦስተኛው ቀን አንዱን ቅጠል ቀጥፌ ወደ ፀሐይ አንሥቼ ስመለከተው ግን፣ በነጣው ክፍል ውስጥ፣ በቅጠሉ የላይኛውና የታችኛው ቆዳ መካከል፣ ራሱ የጠቆረ ቀጭን ትል ሲንቀሳቀስ ታየኝ። ሁለቱም ቆዳዎች አልተነኩም፤ ያለቀው በመካከላቸው የነበረው ለስላሳ አረንጓዴ ሥጋ ነው።

የአካባቢያችን ገበሬዎች ይህን ተባይ «ቱታ» ይሉታል፤ ትሉ የአንዲት ትንሽ የእሳት ራት እጭ ነው። ስሙን መጀመሪያ ስሰማ ከስፖርት ልብስ ጋር ምን እንዳገናኘው ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ነገሩ ግን ቱታ አብሶሉታ ከሚለው ሳይንሳዊ ስም የተቆረጠ ነው። እንግሊዛዊው የነፍሳት አጥኚ ኤድዋርድ ሜይሪክ ከፔሩ በተገኘ ናሙና ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1917 ሲገልጸው ፍቶሪሜያ አብሶሉታ ብሎት ነበር፤ ከዚያ በኋላ በሳይንሳዊ ምደባ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲዘዋወር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ መጀመሪያው ስሙ ተመልሷል። ገበሬው ግን ከቱታ ንቅንቅ አላለም፤ እኔም ከገበሬው ጋር ነኝ። ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን ከገባ በኋላ የሜዲትራኒያንን ዳርቻ ለማዳረስ ጥቂት ዓመታት ብቻ ፈጀበት፤ በእኛም አገር በመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ የቲማቲም ማሳዎች ላይ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። ትሉን ባየሁ ማግሥት ወደ አንድ የእርሻ መድኃኒት መሸጫ ሄጄ፣ ሻጩ «አንድ ጊዜ ከረጩት ይበቃል» ያለኝን መርዝ ገዛሁና በዐሥር ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ረጨሁ። ምልክቱ አልቆመም፤ እንዲያውም ከስድስቱ ተክሎች ወደ ዐሥራ አራቱ ተዛመተ። የገዛሁት መድኃኒት ነፍሳቱን ሲነካቸው ብቻ የሚገድል ዓይነት መሆኑን በኋላ ከመለያ ወረቀቱ አነበብሁ፤ እርሱ በቅጠሉ ገጽ ላይ ሲደርቅ ትሉ ከቆዳው ሥር ሆኖ ይመገባል። ስለዚህ መቼ እንደሚወጣ ማወቅ ነበረብኝ።

መድኃኒቱ ካልነካው የጓሮ ጥግ ትናንሽ ትሎች ያሉባቸውን ሁለት ቅጠሎች ወስጄ በባዶ የማር ጠርሙስ ውስጥ አስቀመጥሁ፤ አፉን በሻሽ ሸፈንሁት፤ በየሁለት ቀኑም አዲስ ቅጠል እጨምር ነበር። እንቁላሉን ግን ከጓሮው ነው ያገኘሁት፤ ሴቷ የእሳት ራት አብዛኛውን ጊዜ በቅጠሉ ጀርባ፣ አንዳንዴም በለጋው ግንድ ላይ፣ አንድ አንድ እያደረገች ትጥላለች። ርዝመቱ ከሚሊ ሜትር ግማሽ በታች የሆነ፣ ክሬም መልክ ያለው፣ በርሜል ቢጤ ነገር ነው፤ ያለ አጉሊ መነጽር አቧራ ይመስላል። አንዲት ሴት በዕድሜዋ እስከ 260 እንቁላል ልትጥል ትችላለች።

ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ወዲያውኑ አይሰረስርም፤ ተስማሚ ቦታ እስኪያገኝ በቅጠሉ ላይ ጥቂት ይንከራተታል፤ ከዚያ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ውስጡን እየበላ ሲሄድ የሚተወው ክፍት ቦታ መልኩ ያልተስተካከለ ሰፊ መጣፈያ ይመስላል፤ በዚህም እንደ እባብ የሚጠማዘዝ ቀጭን መስመር ከምትተወው ቅጠል ሰርሳሪ ዝንብ ሥራ ይለያል። ኩሱ በዚያው በክፍሉ ውስጥ እንደ ጥቁር ፍርፋሪ ተጠራቅሞ ይታያል። እጩ በአራት የእድገት ደረጃ ያልፋል፤ ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲሸጋገር አሮጌ ቆዳውን ይጥላል፤ መጨረሻ ላይ ስምንት ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ክሬም የነበረው መልኩ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያም ጀርባው ላይ ወደ ሮዝ ይለወጣል። ከራሱ ኋላ ያለችው ጠባብ ጥቁር መስመር ዋናዋ መለያው ናት። የቲማቲሙ ፍሬ ሲደርስ ደግሞ በቅጠሉ አይወሰንም፤ ብዙውን ጊዜ በፍሬው አናት፣ ከአረንጓዴው ቆብ ሥር፣ ይገባል።

ጠርሙሱ ያስተማረኝ ዋናው ነገር የታየው ከዚህ በኋላ ነው። ትሉ ሙሉ ዕድሜውን በአንድ ክፍል ውስጥ አያሳልፍም። አሮጌው ቅጠል ሲጠወልግ ከፍ ከፍ ያሉት ትሎች ቆዳውን ቀድደው ወጡ፤ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ሲሄዱ አደሩ፤ ጠዋት አዲሱን ቅጠል ሰርስረው ገብተው አገኘኋቸው። እንዲህ ያለው ቤት ለውጥ በማሳም የተለመደ ነው። እንግዲህ መርጨት ዋጋ የሚኖረው እንቁላሉ በሚፈለፈልበትና ትሉ ሜዳ ላይ በሚገኝበት ሰዓት ነው፤ እኔ ግን የረጨሁት በተናደድሁበት ሰዓት ነበር። ይባስ ብሎ እንቁላሉንና ትናንሾቹን ትሎች የሚመገቡ ትኋን መሰል ጠቃሚ ነፍሳት በግልጽ ቅጠል ላይ ስለሚመላለሱ፣ እንዲህ ያለው መርዝ ከትሉ ይልቅ እነርሱን ቀድሞ ያገኛቸዋል።

ኅዳር 24 ቀን አራት ትሎች መብላት አቆሙ። የሥነ ሕይወት ትምህርት ትሉ ወደ እሳት ራት የሚለወጥበትን ይህን ደረጃ ኩብኩባ ይለዋል፤ ብዙዎቻችን በዚህ ቃል የምናውቀው ክንፍ ያላወጣውን አንበጣ ስለሆነ ያደናግራል። የቱታ ኩብኩባ አይሄድም፤ አይበላም። አብዛኞቹ በሐር ክር ወደ መሬት ወርደው በአፈር ውስጥ ይለወጣሉ፤ ሌሎቹ በተጠቀለለ ቅጠል ውስጥ ይቀራሉ። ከአራቱ ሦስቱ በጠርሙሱ ሥር ባደረግሁት አፈር ገቡ፤ አንዱ በቅጠሉ እጥፋት ቀረ። መጀመሪያ አረንጓዴ የነበረው በቀናት ውስጥ እንደ ተቆላ ቡና ጠቆረ።

ታኅሣሥ 7 ቀን ምሽት ሁለት የእሳት ራቶች ወጥተው በሻሹ ላይ ተለጥፈው አገኘሁ፤ ሌሎቹ ሁለቱ በሚቀጥለው ቀን ተከተሉ። ርዝመታቸው ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ብርማ ግራጫ ክንፋቸው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ፤ ረጃጅም አንቴናዎቻቸው ወደ ኋላ የታጠፉ ናቸው። ቀን በቅጠል መካከል ተሸሽገው የሚውሉ ስለሆነ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ በጓሮዬ አንድም አይቼ አለማወቄ አልገረመኝም።

ዑደቱ የሚፈጀው ጊዜ በሙቀት ላይ የተመሠረተ ነው። በ27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከእንቁላል እስከ እሳት ራት 24 ቀን ያህል ሲፈጅ፣ በ20 ዲግሪ ወደ 40፣ በ14 ዲግሪ ደግሞ ወደ 76 ቀን ይረዝማል። እኛ ጋ ያለው የአየር ጠባይ ከመካከለኛው ቁጥር ጋር ስለሚቀራረብ፣ ከታኅሣሥ 7 ቀን 40 ቀን ቆጥሬ ጥር 17ን በግድግዳ ካላንደሬ ላይ አከበብሁ። ከእኛ ዝቅ ብለው በሚገኙት በመቂና በባቱ አካባቢ ማሳዎች ግን ትውልዱ ፈጥኖ እንደሚተካ ግልጽ ነው፤ በሞቃት አገር በዓመት ከዐሥር በላይ ትውልድ ይቆጠራል።

የተሰረሰሩትን ቅጠሎች ለቅሜ በላስቲክ ከረጢት አሥሬ ፀሐይ ላይ አዋልኋቸው፤ ከአጥሩ ሥር የበቀሉትን አውጥና አስተናግርም ነቀልሁ፤ ሁለቱም ከቲማቲም ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ቱታ ማሳ ሲያጣ እነርሱ ላይ ይቆያል። የሴቷን ጠረን በሚያስመስል ማባበያ የሚሠራ ወጥመድም ሰቀልሁ። ወጥመዱ የሚይዘው ወንዶችን ብቻ ነው፤ ያመለጠ አንድ ወንድ ደግሞ ከብዙ ሴቶች ጋር ስለሚገናኝ፣ ይህን መሣሪያ እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ደወል ነው የማየው። እስከ ጥር አጋማሽ በሌሊት አንድ ወይም ሁለት ይዞ ያድር ነበር። ጥር 19 ቀን ጠዋት ዐሥራ አንድ ቆጠርሁ፤ እትዬንም ጠርቼ አሳየኋቸው።