ውድ ራውተር በጭቃ ቤት፦ ደብረ ማርቆስ ላይ የዘረጋሁት ዋይፋይ

ካርቶኑ ላይ «ኤኤክስ6000» ተብሎ የተጻፈበት ራውተር ቤት ውስጥ 6000 ሜጋ (ሜጋቢት በሰከንድ) አይሰጥም። ቁጥሩ የሁለት ራዲዮ ድምር ነው፦ በ2.4 ጊጋኸርዝ 1148፣ በ5 ጊጋኸርዝ 4804። ስልካችሁ ከአንደኛው ጋር ነው የሚገናኘው። አብዛኛው ዋይፋይ 6 ስልክ ሁለት አንቴና ብቻ ስላለው በ80 ሜጋኸርዝ ስፋት ከ1201 አያልፍም፤ እሱም በወረቀት ነው። እዚያው ክፍል ቁጭ ብላችሁ 600 ወይም 700 ካገኛችሁ ጥሩ ነው። የእኔ መስመር ደግሞ 25 ሜጋ ነው። ውዱን የመረጥሁት ለዚህ ቁጥር ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ጠንካራ ስለሆነና የመስመሩን ወረፋ የሚያስተካክል ሥርዓት ስላለው ነው።

ግቢው ሁለት ቤት አለው። ፊት ለፊት ባለ አራት ክፍል ጭቃ ቤት፣ ከኋላ ደግሞ 28 ሜትር ርቆ የብሎኬት ሰርቪስ ቤት። ራውተሩን ሳልሰቅል በፊት በስልክ የሲግናል መለኪያ ሁሉንም ክፍል ዞርሁ። በ5 ጊጋኸርዝ ራውተሩ ካለበት ክፍል -45 ዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይበረታል)፣ አንድ የጭቃ ግድግዳ አልፎ -60፣ ሁለተኛውን አልፎ -76 ሆነ። የ15 ዲቢ ልዩነት ማለት ከሠላሳ እጅ አንዱ ብቻ አለፈ ማለት ነው። ከ-70 ሲወርድ የቪዲዮ ጥሪ መቆራረጥ ይጀምራል። ወፍራም የጭድ ጭቃ እርጥበት ይይዛል፤ ውሃ ደግሞ ሞገዱን ይመጠዋል፤ ስለዚህ ክረምት ላይ ይብሳል። ከሁሉም የከፋው ግን ሲሚንቶ ልስኑ እንዲይዝ ግድግዳው ላይ የተመታው የሽቦ መረብ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ለ5 ጊጋኸርዝ እንደ ቆርቆሮ ነው። ባለ መስታወት ቁምሳጥንም የመስታወቱ ጀርባ የብረት ቅብ ስላለው ራውተሩን ከኋላው ማስቀመጥ አይገባም።

ከዚህ ልኬት የወጣው ውሳኔ ግልጽ ነበር። ምንም ያህል ውድ ራውተር ቢሆን ሁለት እንዲህ ያለ ግድግዳና 28 ሜትር ግቢ አይሻገርም። የሚላክበትን ኃይል ብንጨምር እንኳ ስልኩ መልሶ የሚልክበት ጉልበት ያው ነው። ለሰርቪስ ቤቱ ሌላ መሣሪያ፣ በመካከሉም ገመድ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የመዳብ ኬብል በአየር ላይ ይወጥራል። እኔም አስቀድሜ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር፤ ሐምሌ ላይ የራውተሩ አንዱ ወደብ ተቃጠለ። መብረቁ ቤቱን መምታት አያስፈልገውም። በአካባቢው ሲወርድ በረጅም የመዳብ ሽቦ ላይ ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ የሁለቱ ቤቶች የመሬት ሽቦ የተለያየ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ በኬብሉ በኩል ይሮጣል። ስለዚህ መዳቡን አውርጄ ፋይበር አስገባሁ። የገዛሁት ጫፎቹ ተዘጋጅተው የሚሸጥ 50 ሜትር ነጠላ ፋይበርና ጥንድ ሚዲያ ኮንቨርተር (የፋይበሩን ብርሃን ወደ መዳብ ኬብል የሚቀይር ሳጥን) ነው። ሚዲያ ኮንቨርተሮቹ «ኤ» እና «ቢ» ተብለው መጣመር አለባቸው፤ አንዱ በ1310 ናኖሜትር ሲልክ ሌላው በ1550 ይልካል። ሁለት «ኤ» ከገዛችሁ መብራቱ በርቶ መስመሩ አይገናኝም። የጫፉንም ቀለም ተመልከቱ፤ አረንጓዴው ጫፍ በሰያፍ የተሞረደ ስለሆነ ከሰማያዊው ጋር አይገጥምም፤ በግድ ቢገባም ብርሃኑን ያባክናል። ፋይበሩን የሚሸከመው የብረት ሽቦ ምሰሶው ላይ ይታሰርና ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ሲቀረው ይቆረጥ፤ ካልተቆረጠ መብረቁን ቤት ድረስ የሚያመጣው እሱ ይሆናል። ቤት ውስጥ ፋይበሩን በኤሌክትሪክ ቱቦ አሳለፍሁት፤ አይጥ ይበላዋልና።

በአንድ ቤት ውስጥ ላለው መንገድ መዳብ ይበቃል። ካት6 የሚባለውን የኔትወርክ ኬብል ስትገዙ የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቁት፤ ከላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ብርማ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ተዉት። አሰላለፉ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው። ከሰማያዊውና ከቡናማው ጥንድ አንድ ሽቦ እንኳ ካልያዘ መስመሩ ከ1000 ወደ 100 ሜጋ ሊወርድ ይችላል፤ ኢንተርኔቱ ስለሚሠራ ግን ማንም ልብ አይለውም።

ወደ ቅንብሩ ስንመጣ፣ አገልግሎት ሰጪው የሰጠው የፋይበር ሳጥን ራሱ ራውተር ነው። በብሪጅ (ራውተርነቱን ትቶ መስመሩን ብቻ እንዲያሳልፍ) ካስደረጋችሁት የፒፒፒኦኢ፣ ማለትም የመስመሩን መግቢያ፣ ስምና ፓስዎርድ በራሳችሁ ራውተር ላይ አስገቡ፤ ኤምቲዩውን (የአንዱን የመረጃ እሽግ ትልቁን መጠን) 1492 አድርጉት። ካልሆነ ግን ራውተሩን ከኋላው ሰክቶ መጠቀም ይቻላል። ሁለት ጊዜ አድራሻ መቀየሩ ለአሰሳና ለቴሌግራም ችግር የለውም፤ የሚቸገረው ካሜራን ከውጭ ለማየት የሚፈልግ ነው። እኔ እንዲሁ ትቼ የራሴን አድራሻ 192.168.50.1 አደረግሁ፤ ከሳጥኑ ጋር እንዳይጋጭ። የሳጥኑን ዋይፋይ አጠፋሁት።

ወደ ቻናል ስንመጣ፣ 5 ጊጋኸርዝን በ80 ሜጋኸርዝ ስፋት ዋናው ቤት 36፣ ሰርቪስ ቤት 149 ላይ አደረግሁት። 160 ሜጋኸርዝ አያስፈልግም፤ ከ36 ተነሥቶ እስከ 64 ስለሚዘረጋ የራዳር ቻናሎችን ይነካል። እነዚያ ላይ ራውተሩ ከመላኩ በፊት 60 ሰከንድ ማዳመጥ አለበት፤ መብራት በተመለሰ ቁጥር አንድ ደቂቃ መጠበቅ ማለት ነው። 2.4 ጊጋኸርዝን 20 ሜጋኸርዝ አድርጌ በ1 እና በ11 ከፈልሁት። ስምና ፓስዎርድ በሁለቱም ቤት አንድ ነው። ከፓስዎርድ መከላከያዎቹ አዲሱን ደብሊውፒኤ3 ብቻ ብትመርጡ የቆዩ ስልኮች ስሙን እያዩ አይገቡም፤ ከደብሊውፒኤ2 ጋር ቅይጡን ምረጡ።

ውዱ ራውተር ዋጋውን ያሳየኝ እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ረጅም ቪዲዮ ሲልክ የሌላው ጥሪ የሚታፈነው መስመሩ ስለጠበበ ብቻ ሳይሆን ወረፋው ሳጥኑ ውስጥ ስለሚከማች ነው። ፒንጉ (መልእክት ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ከ30 ሚሊሰከንድ ወደ 400 ይዘል ነበር። ኤስኪውኤም የሚባለውን የወረፋ ማስተካከያ አብርቼ «ኬክ» የተባለውን ዘዴ መርጬ ማውረጃውን 22 ላይ ገደብሁት፤ መላኪያውንም ከለካሁት 90 በመቶ ላይ። ወረፋው አሁን እኔ በማዝዘው ራውተር ውስጥ ነው፤ ፒንጉም ከ50 አያልፍም። ሦስት ሜጋ ሰጥቼ ያገኘሁት ይህ ነው፤ ከየትኛውም አንቴና ይበልጥብኛል። ለ25 ሜጋ መስመር ግን ይህን ሥራ ኦፕን ደብሊውአርቲ የሚባለው ነፃ የራውተር ሶፍትዌር የተጫነበት ርካሽ ራውተርም ይችለዋል፤ ገንዘብ ለሚያጥረው የምመክረው እሱን ነው።

መብራት ሌላው ጉዳይ ነው። ምጣድ ሲሰካ የሚወርደውን ቮልቴጅ 100–240 የተባለ አዳፕተር ይችለዋል፤ የሚጎዳው መብራቱ ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ነው። የፍሪጅ መከላከያ ከፊቱ አድርጌያለሁ፤ ለጥቂት ደቂቃ ያቆየዋል። ለመጠባበቂያ የኮምፒውተር ዩፒኤስ አልመረጥሁም፤ 12 ቮልቱን ወደ 220 ከፍ አድርጎ መልሶ ማውረድ ብክነት ነው። 12.8 ቮልት 20 አምፒር ሰዓት የሊቲየም ፎስፌት ባትሪ 256 ዋት ሰዓት ይይዛል። የፋይበር ሳጥኑ፣ ራውተሩና ሚዲያ ኮንቨርተሩ በአንድ ላይ 27 ዋት ገደማ ይወስዳሉ፤ ከብክነቱ ጋር 8 ሰዓት ይሄዳል። በቀጥታ ግን አታገናኙት፤ ሲሞላ 14.6 ቮልት ይደርሳል። በመካከሉ 12 ቮልት የሚያጸና መቀየሪያና 5 አምፒር ፊውዝ ይኑር። አንዳንድ ራውተር 19 ቮልት ነው የሚፈልገው፤ አዳፕተሩን አንብቡ።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2400 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀትን በደንብ አይወስድም። ራውተሩን ኮርኒስና ቆርቆሮ መካከል መደበቅ ያየሁት ትልቁ ስሕተት ነው። ግድግዳ ላይ፣ ከወለል 2 ሜትር፣ ከየአቅጣጫው 10 ሴንቲሜትር ክፍት ተደርጎ ይሰቀል፤ ከምድጃ ጭስም ይራቅ። የጭቃ ቤት አቧራ የአየር ቀዳዳውን ስለሚደፍን በየሦስት ወሩ በደረቅ ብሩሽ እጠርገዋለሁ፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ ደግሞ የፋይበሩን ማሰሪያና የመሬት ሽቦውን አያለሁ።