ከርነሉን ከመቀየሬ በፊት ፋይሎቹን የመረመርኩበት ምክንያት

የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት በሆነው ከርነል ውስጥ የተገኘው፣ ደርቲ ፓይፕ የተባለው የደኅንነት ክፍተት የካቲት 28 ቀን 2014 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን፣ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ የሁለት ሰርቨሮች ኃላፊ ነበርኩ። ክፍተቱ የሚጠቅመው አስቀድሞ ማሽኑ ላይ አካውንት ላለው ሰው በመሆኑ «የውጭ ሰው አይገባብንም» ብሎ የሚያልፈው አይጠፋም፤ የእኛ ሰርቨሮች ግን ሠልጣኝ ሁሉ በየራሱ አካውንት ገብቶ ፕሮግራም የሚጽፍባቸው ነበሩ።

በመጀመሪያ የችግሩን ምንጭ ለመረዳት ጊዜ ሰጠሁ። ፓይፕ አንዱ ፕሮግራም የጻፈውን ሌላው የሚያነብበት መተላለፊያ ሲሆን፣ ከርነሉ በውስጡ ላሉት የሜሞሪ ገጾች (ቁራጮች) «እዚህ ላይ መጨመር ይቻላል» የሚል ምልክት ሊይዝ ይችላል። የአንድ ፋይል ገጽ ሳይገለበጥ በቀጥታ ወደ ፓይፑ ሲገባ ይህ ምልክት መጽዳት ነበረበት፤ ከርነሉ ግን ባልታጠበ ብርሌ ጠጅ እንደሚቀዳ አሳላፊ የቀድሞውን ምልክት እንዳለ ይተወው ነበር። በዚህም የተነሳ ቀጥሎ ወደ ፓይፑ የሚጻፈው ነገር፣ ተጠቃሚው ፋይሉን ከማንበብ ያለፈ ፈቃድ ባይኖረውም እንኳ፣ ሜሞሪ ውስጥ ባለው የፋይሉ ቅጂ ላይ ያርፋል። የተጠቃሚዎችን ዝርዝር የያዘውን ፋይል በዚህ መንገድ የለወጠ ሰው ማሽኑን ሙሉ በሙሉ የሚያዝበትን የሩት ሥልጣን ያገኛል። የሚገርመው፣ ማክስ ኬለርማን ክፍተቱን ያገኘው የተጨመቁ የሎግ (የሥራ መዝገብ) ፋይሎች ለምን እንደሚበላሹ ሲመረምር ነው።

ችግሩ ከስሪት 5.8 ጀምሮ ያሉ ከርነሎችን የሚመለከት ሲሆን በ5.16.11፣ በ5.15.25 እና በ5.10.102 ተስተካክሏል። ሁለቱም ሰርቨሮቻችን ኡቡንቱ 20.04 የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት የሚጠቀሙ ቢሆኑም አንዱ 5.4 ከርነል ስለነበረው አልተነካም፤ ሌላው 5.13 ነበር። ኡቡንቱ መፍትሔውን 5.13.0-35 ውስጥ አስገብቶታል፤ ቁጥሩን ከ5.16.11 ጋር ብቻ የሚያነጻጽር ሰው ግን ይህን የተስተካከለ ከርነል ክፍተት እንዳለበት ይቆጥረዋል። ስለዚህ ሊኑክሱን የሚያዘጋጀውን አከፋፋይ፣ ለእኛ የኡቡንቱን፣ ማስታወቂያ ማንበብ ይበልጣል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የሥራው ቅደም ተከተል ነበር። ለውጡ የሚደረገው ሜሞሪ ውስጥ ባለው ቅጂ ላይ ስለሆነና ከርነሉም ገጹ መለወጡን ስለማያውቅ፣ ለውጡ ዲስክ ላይ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል፤ ማሽኑ ሪስታርት ሲደረግ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የሠልጣኞቹን አካውንቶች ለጊዜው ዘግቼ፣ የሲስተሙን ፋይሎች ከሶፍትዌር ጥቅሎቹ ጋር ከተመዘገበው ቼክሰም (ከፋይሉ ይዘት ከሚሰላ መለያ ቁጥር) ጋር፣ የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር ደግሞ ከቀደመው ባካፕ ጋር አመሳከርኩ። ልዩነት አላገኘሁም፤ ይሁንና ሩት የሆነ ሰው ዱካውን ማጥፋት ስለሚችል ይህን እንደ ሙሉ ማረጋገጫ አልቆጠርኩትም።

ባለቤቱ «አፕዴቱ ተጭኗል አላልክም? ታዲያ ማሽኑ ለምን ይጠፋል?» አሉኝ። «ጋሼ፣ አዲሱ ዲስኩ ላይ ተቀምጧል፤ አሁን እየሠራ ያለው ግን አሮጌው ነው» አልኳቸው። በእርግጥ በእኛ ከተማ መብራት ራሱ ሳይጠየቅ ሪስታርት ያደርግልናል፤ ያን ጠብቆ መቀመጥ ግን አያዋጣም። ማታ ሠልጣኞቹ ከሄዱ በኋላ አጥፍቼ አስነሳሁት፤ እየሠራ ያለው ከርነል 5.13.0-35 መሆኑንም አየሁ። አሮጌው ከማስነሻው ዝርዝር ውስጥ እስካለ ድረስ ስክሪኑ ፊት የተቀመጠ ማንም ሰው ሊመርጠው ስለሚችል፣ አዲሱ ያለ ችግር መሥራቱን ካረጋገጥኩ በኋላ አስወግጄው አካውንቶቹን መልሼ ከፈትኩ።