ጉርሻው ይቅርባቸው

አራት ኪሎ አካባቢ ወዳለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ እላለሁ። ሥራዬ ምሳ ማብላት ነው። ጉርሻ ላይ ደግሞ ማን ይችለኛል! "በሞቴ"፣ "አፈር ስሆን"፣ "አንድ ያጣላል" እያልኩ ሳህኑን በ10 ደቂቃ ባዶ አደርገው ነበር። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ።

አንድ ቀን እንዲሁ ሳጎርሳቸው አንዷን እማማ ትን አላቸው። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባል የለ፣ እኔ የምር አስጨነቅኳቸው። የመጀመሪያውን ሳይውጡ ሁለተኛውን ጨምሬባቸው ነው፤ ያውም ትራስ ተደግፈው ጋደም እንዳሉ፣ እኔ ከላይ ቆሜ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ሲስሉ የምገባበት ጠፋኝ። ነርሷ ሮጣ መጥታ ቀና አደረገቻቸው። ሲረጋጉ ወደ እኔ ዞራ "ማን አጉርሻቸው አለሽ? እጅ አላቸው እኮ" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን አዳከመው እንጂ ጣቶቻቸው ይጨብጣሉ። ግራቸው ደህና ነው፣ ግን በግራ መብላት ለእሳቸው ነውር ነው፤ ቢሞቱ አያደርጉትም። ስለዚህ ሁላችንም ማጉረሱ ቀለለን። ያልሠራ እጅ ደግሞ እየባሰበት ነው የሚሄደው።

አሁን መጀመሪያ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፣ እግራቸው መሬት ይነካል። ማስታጠቢያ አመጣለሁ። (ለንጽሕና ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ውሃው እጃቸው ላይ ሲፈስ ሊበሉ እንደሆነ ያውቁታል፣ ፊታቸው ራሱ ይለወጣል።) ፍትፍት ከደካማ ጣት ያመልጣል፤ እንጀራውን ወፈር ባለ ሽሮ ትንንሽ አድርጌ እጠቀልለዋለሁ። እንዳይንሸራተት ከሳህኑ ሥር እርጥብ ፎጣ አነጥፋለሁ። ከዚያ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ክርናቸውን ከታች በመዳፌ ደገፍ አደርጋለሁ። ጥቅሉን የሚያነሱት እሳቸው ናቸው፤ አፋቸው ጋ ሲደርስ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴ ይወድቃል፣ እንደገና ያነሳሉ፣ እኔም እጄን እየበላኝ ዝም እላለሁ። እስኪውጡ ወሬ የለም፣ ይሄ ለእንደኔ ዓይነቷ ለፍላፊ ፈተና ነው። ውሃ ከምግቡ ይልቅ ቶሎ ትን ስለሚላቸው አገጫቸውን ዝቅ አድርገው በትንሽ በትንሹ ፉት ይላሉ። በልተው ሲጨርሱም ግማሽ ሰዓት ያህል አይተኙም።

40 ደቂቃ ይፈጃል። ነጠላቸው ሽሮ በሽሮ ይሆናል። ሠራተኞቹ ቢያጎርሱ አልፈርድባቸውም፣ አንዷ ለስንቱ ትድረስ?

ባለፈው ቅዳሜ ሳህን የምትሰበስበው ልጅ ያለቀ መስሏት ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ፣ እማማ በዚያ በደካማው እጃቸው ጠርዙን ያዝ አድርገው "ተይው፣ እየበላሁ ነው" አሏት።