ዋጋ የሚሰብርብኝ ሰው ነው ወይስ ቦት?

ነገሩ የጀመረው በአንድ ዕቃ ነው። ኢቭ ኦንላይን በሚባል የኢንተርኔት ጨዋታ ላይ ዳሜጅ ኮንትሮል ሁለት የሚባል የመርከብ መከላከያ እሸጥ ነበር። የምሸጠው ጂታ ነው። ጨዋታውን ለማያውቅ፣ ጂታ የኢቭ መርካቶ በሉት፤ ሻጭም ገዥም የሚጎርፈው እዚያ ነው። ኢቭን የሚሠራው የአይስላንዱ ሲሲፒ ነው። ጨዋታው ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እየሠራ ነው፤ ከቻይና በስተቀር የመላው ዓለም ተጫዋች የሚገናኘውም በአንድ ሰርቨር ላይ ነው። አብዛኛውን ዕቃ የሚያመርተውም የሚሸጠውም ተጫዋቹ ራሱ ነው።

ዋጋዬን ዝቅ ባደረግኩ ቁጥር አንድ ኦርደር (ገበያው ላይ የወጣ የሌላ ሻጭ ዕቃ ከነዋጋው) ወዲያው ከሥሬ ይገባል። ሌሊት ብነሳም እሱ አለ። «ይሄ ሰው አይደለም» አልኩ። ቦት፣ ማለትም በሰው ፋንታ የሚጫወት ፕሮግራም፣ በጨዋታው ደንብ ክልክል ነው። ለወራት የለፋሁበትን ንግድ ማሽን እየበላብኝ ነው ብዬ ስላሰብኩ በጣም ተናደድኩ። ግን ንዴት ማስረጃ አይሆንም። መረጃ መሰብሰብ ነበረብኝ።

ሲሲፒ የገበያውን መረጃ ኢኤስአይ በሚባል ኤፒአይ (ፕሮግራሞች መረጃ የሚጠይቁበት በር) ለማንም ክፍት አድርጎታል። ዝርዝሩ በየ5 ደቂቃው ይታደሳል። እያንዳንዱ ኦርደር መለያ ቁጥር፣ ዋጋ፣ የቀረው ብዛት፣ እንዲሁም ለመጨረሻ ጊዜ የተነካበት ሰዓት እስከ ሰከንዱ ድረስ አለው። የባለቤቱ ስም ግን የለም። ዋጋ ሲቀየር መለያ ቁጥሩ እንዳለ ይቆያል፤ ሰዓቱ ብቻ ይታደሳል። አንድ ኦርደር አንዴ ከተነካ ደግሞ 5 ደቂቃ ሳይሞላው ዋጋው አይቀየርም። ሁለቱ 5 ደቂቃዎች መገጣጠማቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። በየ5 ደቂቃው ካነበብኩ የሚያመልጠኝ ለውጥ ጥቂት ነው ማለት ነው። ዝርዝሩን እያነበበ የሚመዘግብ አጭር ፕሮግራም (የፓይተን ስክሪፕት) ጽፌ ላፕቶፔ ላይ አስነሳሁት።

መጀመሪያ የለካሁት ፍጥነት ነው። ዋጋ ከተሰበረበት በኋላ በስንት ሰከንድ መለሰ? ፈጣን ሁሉ ቦት መሰለኝ። ስህተቱ የገባኝ የራሴን ኦርደር ስለካው ነው፤ እኔም ቦት መስዬ ወጣሁ። ምክንያቱ ያው የ5 ደቂቃ እገዳ ነው። ቁም ነገሬ ብሎ የሚነግድ ሰው ሰዓቱን እየጠበቀ፣ እገዳው እንዳለቀ ወዲያው ይነካል። ስለዚህ መቁጠር ያለብኝ ዋጋው ከተሰበረበት ቅጽበት አልነበረም። ዋጋው ሲሰበር እገዳው ገና ካላለቀ፣ መቆጠር ያለበት እገዳው ካለቀበት ቅጽበት ነው። እንዲህ ሳሰላው ልዩነቱ መታየት ጀመረ። የሰው መዘግየት የተዘበራረቀ ነው። አንዴ 4 ሰከንድ፣ አንዴ 40፣ ከዚያ ድንገት ሁለት ሰዓት። ምናልባት ምሳ እየበላ ነው፤ ምናልባት ልጅ አልቅሶበታል።

ቀጥሎ እንቅልፍን አየሁ። ሰው ይተኛል። እዚህ ላይ ግን መጀመሪያ የራሴን ቀዳዳ መድፈን ነበረብኝ። አዲስ አበባ መብራት ሲጠፋ ስክሪፕቱ ይቆማል። ያ ባዶ ጊዜ መዝገቤ ውስጥ ሁሉም ሰው የተኛ አስመስሎት ነበር። ከዚያ በኋላ ያላነበብኩበትን ሰዓት ለብቻው መዘገብኩ። «ለውጥ የለም» እና «አላየሁም» አንድ አይደሉም። እንዲህ ያለ ሥራ ለሚጀምር ሰው ከሁሉ በፊት የምነግረው ይህንን ነው።

ያ የመጀመሪያው ተጠርጣሪዬ በዚህ ሁሉ መሐል አልተኛም። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቷል። ስሙን ለማወቅ አንድ ፍሬ ገዛሁት፤ ሲገዙ የሻጩ ስም የግብይት ታሪክ ላይ ይወጣል። ጨዋታው ውስጥ ባለው የቦት መጠቆሚያ ጠቆምኩበት። ከዚያ መቅደም የነበረበትን ነገር አደረግሁ፦ ጻፍኩለት።

መለሰልኝ። ሆቴል ውስጥ የሌሊት እንግዳ ተቀባይ ነው። እንግዶች ሲተኙ ጨዋታውን ይከፍታል፤ የሚተኛው ቀን ነው። ወደ መዝገቤ ስመለስ እንቅልፉ እዚያው ነበር። በየቀኑ ከእኩለ ቀን እስከ አመሻሽ ኦርደሩ ጸጥ ይላል። እኔ ያየሁት ሌሊቱን ብቻ ነው። የእኔ ሌሊት የሁሉም ሌሊት ነው ብዬ ነበር። ለድጋፍ ክፍሉ ጥቆማዬ ስህተት እንደሆነ ጻፍኩ፤ እሱንም ይቅርታ ጠየቅሁት። ይህ ነገር እስካሁን ይከብደኛል። አካውንት ቢዘጋበት የሚጠፋው የዓመታት ልፋት ነው። ዘዴዬ ከ100 ንጹህ ሰው 1 ብቻ ቢሳሳት እንኳ፣ 10,000 ንጹህ ሰው ብመረምር 100 ሰው በሐሰት ከሰስኩ ማለት ነው።

ስለዚህ ፍጥነትንና እንቅልፍን ብቻ ማየቱን ትቼ ማመዛዘንንም መፈተሽ ጀመርኩ። ሐሳቡ የመጣልኝ ከመርካቶ ነው። ጎረቤትህ አንድ ፍሬ ብቻ ይዞ ከአንተ በ5 በመቶ ዝቅ አድርጎ ቢሸጥ፣ መጋዘን ሙሉ ዕቃህን በእሱ ዋጋ ታወርዳለህ? አታወርድም። ወይ እስኪሸጥ ትጠብቃለህ፤ ወይ ራስህ ገዝተህ ትገላገላለህ። እኔም አንድ ፍሬ በዝቅተኛ ዋጋ አውጥቼ ጠበቅሁ።

የሆቴሉ ሰው ገዛኝ። የገዥው ስም ሲወጣ ስክሪኑ ፊት ብቻዬን ሳቅሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው። አንድ ሌላ ኦርደር ግን፣ ከሺህ በላይ ፍሬ የያዘ፣ የእኔን አንድ ፍሬ ተከትሎ ወረደ። በማግስቱ ደገምኩት፤ ወረደ። በተለያየ ሰዓት ሞከርኩ፤ ወረደ። ሰርቨሩ በየቀኑ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ለአጭር ጊዜ ተዘግቶ ይከፈታል። ያ ኦርደር በተከፈተ ቁጥር ከመጀመሪያዎቹ ተነኪዎች አንዱ ነበር። እንቅልፍም ነበረው፤ ግን የሚተኛው በየቀኑ በትክክል በተመሳሳይ ደቂቃ ላይ ነው። ቦት የሚጽፉ ሰዎች እንቅልፍ ማስመሰልን ያውቃሉ። ሰዓት ማዛባት ግን ይረሳሉ።

ማጥመጃው ሁሉን አይዝም። ጎበዝ ቦት አንዷን ፍሬ ራሱ ይገዛታል። አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም የምለው ለዚህ ነው። መዘግየቱ፣ እንቅልፉ እና ማመዛዘኑ ሦስቱም ወደ አንድ ካልጠቆሙ አልጠቁምም። በዚያኛው ላይ ሦስቱም ስለተስማሙ ከነሰዓቱና ከነዋጋው ለድጋፍ ክፍሉ ላክሁት።

በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ነገር ይበልጥ ገባኝ። በ2020 (እ.ኤ.አ.) ሲሲፒ ገበያው ላይ ሁለት ለውጥ አድርጎ ነበር። ቀድሞ በ0.01 አይኤስኬ (የጨዋታው ገንዘብ) ዋጋ መስበር ይቻል ነበር። አሁን ዋጋ የሚጻፈው በ4 ጉልህ አሃዝ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ አራት አሃዞች በኋላ ያለው ሁሉ ዜሮ ይሆናል። 1,234,000 የሚሸጥን ዕቃ ለመስበር ቢያንስ ወደ 1,233,000 መውረድ አለብህ። ዋጋ በቀየርክ ቁጥርም ክፍያ አለ። ያኔ ክፍያው አናዶኝ ነበር። አሁን ሳስበው ከእኔ ስክሪፕት የበለጠ የሠራው እሱ ነው። ሳያስብ ቶሎ ቶሎ የሚነካ ሁሉ፣ ማሽንም ይሁን ሰው፣ ይከፍላል። ማንም በሐሰት አይከሰስም።

ከሆቴሉ ሰው ጋር አሁንም እዚያው ዕቃ ላይ ነን። እኩለ ሌሊት አልፎ ዋጋ ሲሰበርብኝ ሥራ መግባቱን አውቃለሁ። ሰላምታ እጽፍለታለሁ። እንግዳ ካልመጣበት ይመልስልኛል።